ጳጉሜን የሌለው መዝገብ

ጎንደር፣ ሆስፒታሉ፣ ከላቦራቶሪው ጓዳ፣
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ እንደ ከፋው እንግዳ።
ሆዱ ውስጥ ደም አለ፣ ጣት በምታክል ብልቃጥ፣
ስም ተለጥፎበት፣ እንዳይጠፋ፣ እንዳይለወጥ፤
ስሙን ግን ውርጭ ላሰው።
የማን ነው ቢሉ፣ የሰው።

ጋሼ ቢያድግልኝ ግን ያውቃሉ።
ሠላሳ ዓመት በሰማያዊ ስክሪፕቶ መዝግበዋል።
የቁም ጸሐፊ ልጅ ናቸው፤ እጃቸው አይቸኩልም፤
በመስመራቸው ላይ ፊደል በፊደል አይደገፍም።
ደግሞ በኅዳጉ ይጽፋሉ፣ ማንም ያላዘዛቸውን፣
የሰውየውን ነገር፣ ደሙ የማይናገረውን፦
«ሲቀዳ ዓይኑን ጨፈነ።»
«ከሸኸዲ በእግሩ ነው የመጣ።»
«ውጤቱን ለእህቱ ንገሩ፤ እሱ አይሰማም።»
«ወንድሙን ቀብሮ መጣ።»

ትርንጎ የመጣች በነሐሴ ነው፣ ላፕቶፕ ታቅፋ፤
«ነጻ ሶፍትዌር ነው» አለች፣ ጃንጥላዋን አጥፋ፤
«አንገዛውም። ምንጩም ክፍት ነው።»
ጋሼ ሳቁ። «ምንጭማ መቼ ተዘግቶ ያውቃል?
የሚዘጋው ሰው ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ እኔ እያነበብኩ፣ እሷ እየጻፈች፣
ከወረቀት ወደ ስክሪን ያን ሁሉ ደም አሻገረች።
መደርደሪያ፣ ሳጥን፣ ረድፍ፣ የብልቃጥ ቁጥር፤
በዓይን ጥቅሻ ሄዶ የሚያገኝ ነገር።

እስከ አዛናው ድረስ።

አዛናው ፈንቴ። ሰሊጥ አጫጅ። ካላዛር።
ደሙ የተቀዳበት ቀን፦ ጳጉሜን አራት።
ስክሪኑ ቀላ። «እንዲህ ያለ ወር የለም።»
ደግማ ጻፈች። «የለም።»
እንግዲህ ወዴት ይግባ፣ በአሥራ ሁለት ወር ዓለም፣
በአሥራ ሦስተኛው የታመመ?

ለመስከረም እንስጠው አልኩ፣ ልገላገል ብዬ፤
መሽቶ ነበር፣ ርቦኝ ነበር፣ የአዘዞ ታክሲም ሊያመልጠኝ።
ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።
«አዛናው መስከረምን አላያትም» አሉ።
መዝገቡን ገለጡ፤ ገጹን ጣታቸው ያውቀዋል፤
ከኅዳጉ ላይ እንዲህ ይላል፦
«ለእንቁጣጣሽ አገሬ እገባለሁ ይላል። ይቻኮላል።»

ትርንጎ ዝም አለች። ከዚያ ሌላ በር ከፈተች፣
ቅንፍና ነጥብ እንደ ጉንዳን የሚተራመስበት።
ጋሼ ወንበር ሳቡ፤ ማንበብ ባይችሉም ያያሉ።
«ይኼን ሁሉ ማን ጻፈው?»
«ብዙ ሰው ነው። አንዱ ሕንድ፣ አንዱ ብራዚል ይኖራል፤
አይተዋወቁም። የጎደለ ያየ ይጨምራል።»
«አንድምታ ነዋ!» አሉ፣ ጉልበታቸውን መትተው፤
«መምህሩ ይተረጉማል፣ ተማሪው አንድም ብሎ ይቀጥላል፣
የፊተኛውን ሳይፍቅ!»

ሌሊቱን መብራት ሁለቴ ሄዳ፣ ሁለቴ ተመልሳ፣
ጳጉሜን ገባች በጓዳው በር፣ አምስት ቀኗን ለብሳ፤
በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛዋን ደርባ።
ስክሪኑ አልቀላም። አዛናው ገባ።

ከሥሩ ትርንጎ ባዶ ሳጥን ጨመረች፣
«ኅዳግ» ብላ ሰየመች።
ጋሼ በአንድ ጣታቸው፣ ፊደሉን ከየጎሬው እየፈለጉ፣
ያችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ፈጁ፦
«ይቻኮላል።»

የሠራችውን ወደ ምንጩ መለሰችው።
ከወር በኋላ አንድ የማናውቀው ሰው
«ተቀብያለሁ» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።
አሁን በማላውቀው ከተማ፣ በሌላ ማቀዝቀዣ ጎን፣
ወር ምረጥ የተባለ ሰው፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ያያል ጳጉሜን።
ምን እንደሆነች አያውቅም።
ያልፋት ይሆናል፣ እንደ ስህተት።

እዚህ ግን፣ ከመስኮታችን ማዶ ዝናቡ አባርቶ፣
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤
ሦስተኛ መደርደሪያ፣ ሳጥን ሰባት፣
አዛናው ፈንቴ፣ ጳጉሜን አራት።